ችግኝን ሳያስደነግጡ ወደ ትልቅ ፖት ማዛወር፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ ችግኝ አፍዮች

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድረው የሚሸጡ ችግኞችን ማየቱ አይቀርም። ጽድ፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጽጌረዳ፣ የጎመንና የቲማቲም ችግኝ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ "ስንት ነው?" እና "ይጸድቅልኛል ወይ?" ሻጩም "ኧረ እንዴታ!" ይላል። ይሁን እንጂ የሁለተኛው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያለው ከሻጩ አንደበት ላይ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ውስጥ፣ ከሥሩ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው አንድ ችግኝ ከተዘራበት መደብ ተነስቶ የመጨረሻ ቦታው እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይዛወራል። በየዝውውሩ ሊሞት ይችላል፤ ባይሞት እንኳ ሊቀጭጭ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግኝ ከትንሽ ፖት ወደ ትልቅ ፖት ሲዛወር ለምን እንደሚደነግጥ፣ በተለይ ዕድሜያቸው አጭር የሆኑና በራሳቸው ጊዜ የሚያብቡ ተክሎች ለምን የበለጠ እንደሚጎዱ፣ ይህንንም ለመከላከል ምን ማድረግ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

የሦስቱ ከተሞች ሁኔታ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ለችግኝ አፍይ ግን አሁንም ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሰበታ ዝቅ ያለችና ሞቅ የምትል ናት። ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ በታች ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ የ300 ሜትር ልዩነት ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ላይ የሱሉልታ ሜዳ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ከተራራው ወርዶ የሚተኛበት ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ ይመታዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁር አፈሩ ውሃ ያቁራል፤ አካባቢው በሣር ድርቆሽ የታወቀውም ለዚሁ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሰበታ ላይ ከተዛወረ በኋላ በአምስት ቀን ቀና የሚል ችግኝ ሱሉልታ ላይ አሥር ቀን ሊፈጅ ይችላል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥር ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ውሃም ቀስ ብሎ ይስባል። ስለዚህ "እነ እገሌ እንዲህ አድርገው ጸደቀላቸው" ብሎ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መቅዳት ብቻውን አይበቃም።

ድንጋጤ ማለት ምን ማለት ነው?

በተለምዶ "ችግኙ ደነገጠ" የምንለው ከተዛወረ በኋላ ሲጠወልግ፣ ቅጠሉ ሲገረጣ ወይም ለቀናት ባለበት ሲቆም ነው። መነሻው የውሃ ገቢና ወጪ አለመመጣጠን ነው።

ተክል ውሃ የሚስበው በወፍራሙ ሥር ሳይሆን ከሥሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ባሉት እጅግ ደቃቅ የሥር ፀጉሮች ነው። እነዚህ ፀጉሮች ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ስለሚኖሩ አፈሩ ሲፈርስ አብረው ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን ይህን አያውቅም፤ እንደ ትናንቱ ውሃ ማትነኑን ይቀጥላል። የመቀበያው በር ጠቦ የመክፈያው በር እንደተከፈተ ነው ማለት ነው። ተክሉ ጉድለቱ ሲሰማው በቅጠሉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃ ማባከኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀራል። ምግብ መሥራት ይቆማል፤ ምግብ ከሌለ ደግሞ አዲስ ሥር የሚያወጣበት አቅም ያጥረዋል።

ከዚህ አንድ ዋና ሐሳብ እናገኛለን። የማዛወር ጥበብ ሁሉ ወደ ሁለት ነገር ይጠቃለላል፦ የሥር ፀጉሮችን አለማፍረስ፣ እስኪተኩ ድረስ ደግሞ ከቅጠሉ የሚወጣውን ውሃ መቀነስ። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምክሮች በሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚነሱ ናቸው።

ሰዓታቸው የማይቆም ተክሎች

አንዳንድ ተክሎች ለማበብ የቀኑን ርዝመት ይጠብቃሉ። ለምሳሌ ያህል ክሪሳንተመም የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። እኛ ዘንድ ግን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው በግምት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው መካከል ብቻ ነው። ሌሎች ተክሎች ደግሞ የቀን ርዝመት ግድ አይሰጣቸውም። ዕድሜያቸው ሲደርስ ያብባሉ፤ በቃ። ቲማቲም ከእነዚህ አንዱ ነው።

የእነዚህ ችግር ምንድን ነው? በድንጋጤ ምክንያት አሥር ቀን የጠፋበት የጽድ ችግኝ አሥሩን ቀን በሚቀጥሉት ዓመታት ሊያካክሰው ይችላል። የሦስትና የአራት ወር ዕድሜ ብቻ ያለው ተክል ግን የሚያካክስበት ጊዜ የለውም። ሰውነቱ ሳይገነባ ሰዓቱ ይደርስና በትንሽነቱ ያብባል።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ አበባ ጎመን ነው። አበባ ጎመን ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚወድ ለሦስቱም ከተሞች ይስማማል። በመደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ከ4 እስከ 5 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። በጠባብ ፖት ውስጥ ከዚህ በላይ ታፍኖ ከቆየ፣ ከተራበ ወይም ውሃ ከተጠማ በኋላ ቢዛወር ግን ከጥቂት ቅጠሎች መካከል የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል አበባ ብቅ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ቢጨመር ውሃ ቢጠጣ አይመለስም። ገበሬው "ዘሩ መጥፎ ነው" ይላል፤ ዘሩ ግን ምንም ላይኖርበት ይችላል። ጥፋቱ የተሠራው ከወር በፊት ፖቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለአጭር ዕድሜ ተክሎች የሚከተሉትን ሦስት ምርጫዎች በቅደም ተከተል ማሰብ ይገባል፦

ሀ) የሚቻል ከሆነ ከመጀመሪያው በመጨረሻው ፖት ወይም ቦታ ላይ መዝራት። ካሮት ከተዛወረ ሥሩ ስለሚጣመም የግድ በቦታው ይዘራል። ዱባና ኪያርም ሥራቸው ሲነካ አይወዱም።

ለ) ማዛወር ግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከትንሹ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ማዛወር።

ሐ) ይህንንም ሥሩ አፈሩን አቅፎ በያዘበት፣ ነገር ግን ገና መዞር ባልጀመረበት ጊዜ ማድረግ።

የዛፍ ችግኝስ?

የዛፍ ችግኝ ጉዳቱን ይደብቃል። ሥሩ ወርዶ የፕላስቲኩን ታች ሲነካ መሄጃ ሲያጣ ይዞራል፤ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለው ችግኝ ከነጥቅልሉ ቢተከል ክረምቱን ለምለም ሆኖ ይታያል። ተቆጥሮም "ጸደቀ" ይባላል። ከዓመታት በኋላ ግን ግንዱ ሲወፍር የተጠቀለለው ሥር ራሱን በራሱ ያንቃል፤ ወይም ጠልቆ የያዘ ሥር ስለሌለው ነፋስ ይገነድሰዋል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ በዘመቻ ይተከላል። የተተከለው ተቆጥሯል፤ ከተቆጠረው ውስጥ ቀጥ ያለ ሥር የነበረው ስንቱ ነው የሚለው ጥያቄ ግን የችግኝ አፍዩ ጥያቄ ነው። ከሰበታ ብዙም በማይርቀው በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ጽዶች አጀማመራቸው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ዛፍ የሚለካው በዚህ ዓይነት ዕድሜ ነው። ለመቶ ዓመታት የሚቆም ነገር መሠረቱ የሚጣለው በጥቂት ወር ዕድሜው፣ በጣት በምትለካ ፕላስቲክ ውስጥ ነው።

በመሆኑም በአጭር ዕድሜ ተክልና በዛፍ መካከል አንድ ልዩነት እንዳለ ልብ እንበል። የአበባ ጎመንን ወይም የቲማቲምን ሥር በጭራሽ አንቆርጥም፤ ለማገገም ጊዜ የለውማ! የዛፍን የተጠቀለለ ሥር ግን መቁረጥ ይሻላል። ጥቂት ቀን ይደነግጣል እንጂ ዕድሜ ልኩን አይታነቅም።

የፖት መጠን አመራረጥ

ብዙዎቻችን የፕላስቲክ ፖት መጠን ሲነገረን እንሳሳታለን። "8 በ15" የሚባለው ፕላስቲክ ባዶውን ተኝቶ ሲለካ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። አፈር ሲሞላ ክብ ስለሚሆን ዲያሜትሩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቁመቱ 15 ከሆነ የሚይዘው አፈር 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከትልቅ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። "12 በ20" የሆነው ደግሞ ሲሞላ ዲያሜትሩ 7.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የአፈሩ መጠን ግን ሦስት እጥፍ ነው።

ታዲያ ለምን በአንዴ ወደ ባልዲ አናዛውረውም? ትልቅ ፖት ብዙ ውሃ ይይዛል። ትንሹ ችግኝ ግን ሥሩ የሚደርሰው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። ሥር ያልደረሰበት አፈር ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ አየር ያጣል፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ሥር የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች ይራቡበታል። ስለዚህ ለዛፍና ለጌጥ ተክል ሦስት እጥፍ እያደረጉ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ጥሩ ነው። ለአጭር ዕድሜ ተክል ግን ከላይ እንደተገለጸው አንድ ዝውውር ስለሚመረጥ ትልቁን ፖት እንጠቀምና ጥንቃቄውን በውሃው ላይ እናደርጋለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ የምናጠጣው በችግኙ ዙሪያ፣ ሥሩ ባለበት ቦታ እንጂ ፖቱን ሙሉ አይደለም። ሥሩ ሲሰፋ የውሃውን ክብ እያሰፋን እንሄዳለን።

አፈሩን በተመለከተ በብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። አፈሩ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ አሸዋውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያልበሰለ እበት ግን አይጨመርም፤ ሲብላላ ይሞቃል፣ ለስላሳውን ሥርም ያቃጥላል።

የማዛወር ሥራ ደረጃ በደረጃ

1. ማጠንከር። ከማዛወሩ ከ7 እስከ 10 ቀን በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ ማንሳት፣ የውሃውንም ድግግሞሽ መቀነስ። ለዛፍ ችግኝ እስኪጠወልግ አጠገብ ቢደርስ አይጎዳም። አበባ ጎመንን ግን ጥላውን እንጂ ውሃውን ብዙ አናስጨንቀው፤ ጥማቱ ራሱ ያለጊዜው እንዲያብብ ይገፋፋዋል።

2. ሥሩን ማየት። ከብዙ ችግኞች መካከል አንዱን መሥዋዕት አድርጎ ፕላስቲኩን መቅደድ ነው። ነጫጭ ሥሮች አፈሩን ከያዙት ጊዜው ደርሷል። አፈሩ ከፈረሰ ገና ነው። ሥሩ ታች ከዞረ ዘግይቷል።

3. ማጠጣት። ማታ በደንብ አጠጥቶ ማደር። ጠዋት አፈሩ ርጥብ ሆኖ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ደረቅ አፈር ይበተናል፤ ጭቃ የሆነ ደግሞ ይናዳል።

4. አዲሱን ፖት አስቀድሞ ማዘጋጀት። አፈሩ ተሞልቶ፣ ረጥቦ፣ የድሮው ፖት የሚያክል ጉድጓድ መሐሉ ላይ ተከፍቶ ይጠብቅ። ችግኙን አውጥቶ ከዚያ በኋላ አካፋ መፈለግ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት ነው።

5. ሰዓት መምረጥ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና የሸፈነበት ቀን ይመረጣል። ማታ የተዛወረ ችግኝ ፀሐይ ከመምጣቱ በፊት ሙሉ ሌሊት ዕረፍት ያገኛል። በውርጭ ወራት ግን ማታ መሸፈን ይገባዋል።

6. አያያዝ። "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል" የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ግንዱን ይዞ መጎተት ክልክል ነው። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ መላጥ፣ ከዚያ አፈሩን ከሥር በመዳፍ ደግፎ ማንሳት ነው። ከመደብ ያለ አፈር የተነቀለ ትንሽ ችግኝ ከሆነ በቅጠሉ ይያዝ። የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተቀጠቀጠ ግንድ ግን አይተካም።

7. የተጠቀለለ ሥር ካለ (ለዛፍ ብቻ)። የታችኛውን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከነፕላስቲኩ በስለታም ነገር መቁረጥ፣ በጎን የዞሩትንም በሁለት በኩል ቁልቁል መሰንጠቅ።

8. ጥልቀት። ቲማቲም ከግንዱ ሥር ስለሚያወጣ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቢቀበር ይጠቀማል። ሌሎች ግን በነበሩበት ልክ ይሁኑ። በተለይ የጎመን ዘሮች የዕድገት እምብርታቸው አፈር ከገባ ይበሰብሳል።

9. መጠቅጠቅ። በጣት ዙሪያውን ረጋ ብሎ መጫን። በሥሩና በአዲሱ አፈር መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። እንደ ቤት መሠረት መደቅደቅ ግን አያስፈልግም።

10. ጥላና ዕረፍት። ከ3 እስከ 5 ቀን በሣር ወይም በጆንያ ጥላ ሥር ማቆየት፣ ነፋስ መከለል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ዩሪያ አለመስጠት። የተጎዳ ሥር ላይ ጨው የበዛበት ውሃ ማፍሰስ ጥማቱን ያባብሰዋል።

"ጠውልጓልና ውሃ ጨምርለት"

የተዛወረ ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ሲታይ ብዙ ሰው ጄሪካን ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ ግን ጣትን አፈር ውስጥ መክተት ነው። አፈሩ ርጥብ ከሆነ የጎደለው ውሃ ሳይሆን ውሃውን የሚስብ ሥር ነው። ተጨማሪ ውሃ አየሩን አስወጥቶ የቀረውንም ሥር ያፍነዋል። እንዲህ ያለው ችግኝ የሚፈልገው ጥላ ነው። ማታ ቀና ካለ ይድናል። ጠዋትም ተኝቶ ከተገኘና የግንዱ አንገት ጠቁሮ ከቀጠነ ግን የአንገት መበስበስ ስለሆነ ከሌሎቹ ለይቶ ማስወገድ ይገባል።

ለዲፓርትመንታችን የሚሆን ሙከራ

ይህን ሁሉ አንብቦ ከመቀበል ሞክሮ ማየት ይሻላል። በአንድ ቀን የተዘራ፣ ከአንድ እሽግ የወጣ የአበባ ጎመን ዘር እንውሰድ። አሥሩን በቀጥታ በመጨረሻው ፖት እንዝራ። ሌሎቹን ሃያ በትንሽ ፕላስቲክ እናፍላ፤ ከእነሱ አሥሩን በ4 ቅጠላቸው፣ አሥሩን ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘግይተን እናዛውር። የትኛው ችግኝ በየትኛው ቡድን እንደሚመደብ በዕጣ ይወሰን፤ አለበለዚያ ጠንካራ ጠንካራውን መርጠን ራሳችንን እናታልላለን። ውሃ፣ አፈርና ቦታ አንድ ይሁን። የምንመዘግበው ሦስት ነገር ነው፦ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ የፈጀበት ቀን፣ አበባ የታየበት ቀን፣ የአበባው ስፋት በሳንቲ ሜትር። ቤተሰቦቻቸው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሆኑ ተማሪዎች በየቤታቸው ቢደግሙት ደግሞ የከፍታው ተጽዕኖ ለብቻው ይታያል። ወጪው ሠላሳ ፖት፣ ጥቂት አፈርና አንድ ደብተር ነው።

ማጠቃለያ

አንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ 1,000 ችግኝ አዛውሮ 200 ቢሞትበት፣ እንበል፣ የጠፋው 200 ፕላስቲክ ብቻ አይደለም። የተሸከመው አፈር፣ በበጋ በጄሪካን የገዛው ውሃ፣ የወራት ጉልበት አብሮ ሄዷል። ከዚህም የባሰው ያልሞቱት ግን የቀጨጩት ናቸው፤ እነሱ ኪሳራውን ይዘው ወደ ገዢው ጓሮ ይሄዳሉ። ገዢውም በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

ስለዚህ ችግኝ ሲዛወር ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ "ዛሬ ቆሟል ወይ?" ሳይሆን "ሥሩ አፈሩን ይዟል ወይ? ጊዜውስ አላለፈበትም ወይ?" የሚለው ነው። ለአበባ ጎመን ሰዓቱን መጠበቅ፣ ለዛፍ ሥሩን ማቃናት፣ ለሁሉም ጥላና ትዕግሥት። ችግኝ ስንገዛም ፕላስቲኩን አዙረን ታቹን እንይ። ወፍራም ሥር ወጥቶ መሬት ከያዘ ወይም ታቹ በጥቅልል ከጠነከረ ላይኛው ቅጠል ምንም ያህል ቢያምር ሌላውን እንምረጥ።